ከጎሚስታው ጀርባ

ብርድ ሲገባ ሌላው ሰው ሞተሩን ሸራ አልብሶ ከግድግዳ ያስጠጋል። ጎሚስታው ደግሞ የእሱን የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው። ሰፈሩ ይህን ለምዶታል። እሑድ ጠዋት ያ ሞተር ግቢ ውስጥ ሲያጓራ የሰማ ሁሉ ከአልጋው ሳይነሣ «በቃ፣ ብርዱ መጣ» ይላል። አንዳንዱም ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ እየሳበ «ዛሬም ያቺን ሴትዮ ሊያደርቃት ነው» ይላል።

ያቺ ሴትዮ ሚስቱ ናት። ሰፈሩ «ተሳፋሪዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ከጎማ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ከሞተሩ ስትወርድ አይቶ፣ «ተሳፋሪዋ፣ ወራጅ አለ ማለት አቅቶሽ ነው እስከ ዓለም ዳርቻ የወሰደሽ?» አላት። በሩ ላይ የተቀመጡት ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ስሙም በዚያው ተጣበቀባት። አልከፋትም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን ትታ፣ ሰው ባሳያት መንገድ ሁሉ እሺ ብላ ሄዳ፣ አምሳ አራት ዓመት ለሞላት ሴት ይህ ስም ስድብ አይደለም። ልክ ነው።

የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ላውንደሪ ነው። ስድስት ቀን ከትልቁ መተኮሻ ማሽን ፊት ትቆማለች። እርጥብ አንሶላ በአንድ ወገን ይገባል፣ ደርቆ በሌላው ይወጣል። እሷና ባልደረባዋ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያጥፉታል። የበሽተኛ አንሶላ አያልቅም። ክፍሉ መስኮት አለው፣ ግን መስታወቱ ሁልጊዜ በእንፋሎት ስለሚሸፈን ከዚያ ማዶ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አታውቅም። ማታ ቤቷ ስትገባ ሙቀቱ ከአጥንቷ አይወጣም። አንገቷ ሥር ሃያ ዓመት ያልጠፋ ሽፍታ አላት። ታዲያ እሑድ ጠዋት ከባሏ ጀርባ ተቀምጣ፣ ውርጭ ያዘለ ንፋስ በኮሌታዋ ሲገባ ምን እንደሚሰማት ለፀጉር አስተካካዩ እንዴት ታስረዳዋለች? ስድስት ቀን የተቀቀለው ሰውነቷ በሰባተኛው ቀን ይበርድላታል።

እሱ ለምን በብርድ እንደሚወጣ ሲጠይቁት መልሱ አጭር ነው። በሙቀት ጎማ ይፈነዳል፣ ሥራው እሑድ የለውም። በብርድ ጊዜ ጎማ ልብ ይገዛል ይላል። ከዚያ በተረፈ በብርድ መንገዱ ባዶ ነው። አቧራ የለም፣ ዝንብ የለም፣ ሩቅ ያለ ኮረብታ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካው ይመስላል። ሞተሩም ቀዝቃዛ አየር ሲስብ ድምፁ ይጠራል፣ ልክ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው።

መጀመሪያ እሷ ይህን ጉዞ ጠልታው ነበር። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት አንዴ ወጥታ ስትመለስ እግሯ የራሷ አልመስል ብሏት አልቅሳለች። እሱ በሳምንቱ ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ቆርጦ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ መከላከያ ሰፋላት። ለራሱ ደግሞ መሪው ላይ ሁለት የጎማ እጅጌ አሰረ፣ እጁን እዚያ ውስጥ ከትቶ ይነዳል። ከጃኬታቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያረጀ ጋዜጣ ይደርባሉ። ሲንቀሳቀሱ ይንኮሻኮሻሉ። «ከሥጋ ቤት በጋዜጣ ተጠቅልለን የወጣን መሰልን» ስትለው፣ «አጥንት ብቻ ናቸው እንዳይሉን ነው» ይላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብርዱ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው።

መንገድ ላይ ማውራት አይቻልም፣ ንፋሱ ቃሉን ከአፍ ይነጥቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ በእጅ ይነጋገራሉ። ቀኝ ትከሻውን መታ ስታደርገው ወደ ቀኝ ጠጋ በል ማለቷ ነው፣ ግራውን ስትመታው ወደ ግራ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ስትመታው ቁም። መዳፏን ዘርግታ ጀርባው ላይ ስታሳርፍ ደህና ነኝ፣ ንዳ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ያኔ ጨዋታ ነበር። ያኔ ዓይኑ ከጭልፊት አያንስም ነበርና እሷ ብትነግረውም ባትነግረውም ለውጥ አልነበረውም።

ከከተማው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ መንገዱ ቀጥ ይላል። በግራና በቀኝ ረጃጅም ዛፎች ተሰልፈዋል፣ ከዛፎቹ ማዶ እርሻ ነው። ጠዋት ላይ እርሻው ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ይሆናል። እዚያ ሲደርሱ ተሳፋሪዋ ጉንጯን ባሏ ጀርባ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ጀርባው ይሞቃል፣ ሞተሩ ከሥር ይንዘፈዘፋል፣ እሱ ሄልሜቱ ውስጥ የሚዘፍነው በጎድን አጥንቱ በኩል ይሰማታል። ዜማ የለውም፣ ጉርምርምታ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከሳምንቱ ውስጥ የእሷ የምትለው ያ አሥር ደቂቃ ነበር።

የዛሬ አራት ዓመት አንድ እሑድ፣ መንገድ ዳር የቆመ ጋሪ ነበር። ደርሰው ሊገቡበት ሲሉ አሁን ይጠመዝዛል፣ አሁን ይጠመዝዛል ብላ ጠበቀች። አልጠመዘዘም። ግራ ትከሻውን በቡጢ መታችው፣ ለጥቂት አለፉ። ቆመው ቁርስ ሲበሉ ስለ ጋሪው እሱም አላነሣም፣ እሷም አላነሣችም። ብቻ ያን ቀን የተቀቀለ እንቁላሏን ልጦ ሰጣት። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር እንቁላል ልጦላት አያውቅም። ያኔ ነው የገባት።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ነገሮች እየታዩዋት መጡ። ድሮ የተነፋ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋውን አይቶ ነበር ቀዳዳውን የሚያገኘው። አሁን ጎማውን ጉንጩ አጠገብ ያዞራል። ቀጭን ትንፋሽ ስትነካው በአውራ ጣቱ ይዞ «ይቻትና» ይላል። ደንበኞቹ ይህንን ሙያ ነው ብለው ያደንቁታል። ብሎን ሲፈታ ቀና ብሎ ሰው እያናገረ ነው፣ እጁ ያውቀዋል። የእጁን ያህል ሌላው አካሉ ቢያውቅ ኖሮ ማንም ምንም አይልም ነበር።

ሐኪም ዘንድ የወሰደችው እሷ ናት። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ስለሆነች ወረፋ አላስጠበቋትም። የዓይን ሐኪሟ ወጣት ነች፣ መነጽር ታደርጋለች። የግራና የቀኝ ጎኑ እይታ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፣ የቀረው የፊት ለፊቱ ብቻ ነው፣ እሱም በቧንቧ አጮልቆ እንደማየት ነው አለች። የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ብርሃን ሲበዛበት ደግሞ እሱም ነጭ ይሆንበታል። መንዳት ጨርሶ አይቻልም። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ደገመችው። እሱ በትሕትና አመስግኖ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ምን ይሻላል ብላ ስትጠይቀው፣ «የራሷን ዓይን ያላዳነች ልጅ የኔን ምን ልታደርገው ነው» አላት። ሳቀች። መሳቅ አልነበረባትም፣ ግን ሳቀች። በሚቀጥለው እሑድ ወጡ።

እውነቱን ለመናገር ለእሱ ብላ ብቻ አልነበረም። አይሆንም ብትል እሑዷ ምን ይሆናል? ሰባተኛው ቀንም እንደ ስድስቱ ሊሆን ነው። ስለዚህ ዓይኑ ሆነች። ከጀርባው ተንጠልጥላ፣ በትከሻው አሻግራ እያየች፣ ጉድጓዱን፣ ድንጋዩን፣ የሚመጣውን መኪና፣ የመንገዱን ኩርባ ሁሉ በጣቶቿ ታነብለታለች። እሱም ሳያንገራግር ይታዘዛል። እንዲህ ሲሄዱ ከውጭ ያየ ሰው ሚስት ባሏን ትከሻውን እያሸችው ነው የሚለው። ጉንጯን ማስደገፉ፣ ዓይኗን መጨፈኑ ግን በዚያው ቀረ። አራት ብርድ ሙሉ ያንን ቀጥ ያለ መንገድ ዓይኗን ሳትጨፍን አለፈችው።

ስለዚህ ጉዳይ ባልና ሚስቱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ልጃቸው መምህርት ነች። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትመጣለች። ባለፈው ስትመጣ አባቷ ሻይ ሲቀዳላት ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። «አባዬ፣ ዓይንህን ምን ነካው?» ስትለው፣ «ብርጭቆው ነው የሸሸኝ፣ ካንቺ ይሆናል የተማረው» አላት። ተሳሳቁ። ልትሄድ ስትል ግን እናቷን የግቢው በር ላይ ያዘቻት። ምን ያህል ያያል ብላ ጠየቀቻት። እናትየው ለመንዳት አያንስም አለቻት። ልጅቱ አየቻት፣ ተማሪ ሲዋሻት እንደምታየው።

«እማዬ፣ እኔን ብታታልዪኝ ግድ የለም። መንገድ ላይ ያለውስ ሰው?»

«በዚህ ብርድ መንገድ ላይ ማን አለ» አለች እናቷ።

የመጨረሻው እሑድ ከዚህ በኋላ በስምንተኛው ቀን ነበር። ቅዳሜ ባልደረባዋ ታማ ስለቀረች ተሳፋሪዋ የሁለት ሰው ሥራ ሠርታ ነው የገባችው። አንሶላውን ለብቻዋ ስታጥፍ ውላ ክንዷ አልነሣ ብሏታል። ጠዋት ስትነቃ ዛሬ ይቅርብን ልትለው አሰበች። ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ግን እሱ ቀድሟታል። እንቁላሉ ተቀቅሏል፣ ዳቦው በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ የእሷ ጓንት ምድጃው ጠርዝ ላይ እየሞቀ ነው። ጋዜጣውንም አጥፎ በሁለት በኩል አስቀምጦታል፣ የእሷን በእሷ መጠን። ይህን ሁሉ በዳሰሳ ነው ያደረገው። ጓንቷን አጠለቀችና ወጣች።

ቀኑ ደግሞ ለክፉ ነገር የማይሆን ቀን ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ንፋስ የሌለው፣ ውርጩ ጥርስ የሚያንገጫግጭ። ከከተማው ወጥተው ድልድዩን ሲሻገሩ ወንዙ ይጨስ ነበር፣ ዳርና ዳሩ ስስ በረዶ ይዟል። ማሳ ውስጥ የቆሙ ፈረሶች ትንፋሻቸው ከአፍንጫቸው እንደ ጥጥ ይወጣል። ከየቤቱ ጣሪያ ጭሱ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል። አንድ ኩርባ ላይ ፀሐይ ያልደረሰበት ጥላ አገኙ፣ አስፋልቱ በበረዶ ያብለጨልጫል። ሁለቱንም ትከሻውን መታችው፣ ቆመ። ከዚያ ሁለቱም እግራቸውን መሬት እያስነኩ እንደ ዳክዬ ቀስ ብለው አለፉት። ካለፉ በኋላ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፣ እየሳቀ ነው። እሷም ሳቀች። ጣቶቿ ደነዙ፣ ዓይኗ አለቀሰ፣ ሽፍታዋ ጠፋ። ደስ ብሏት ነበር። ደስታ ይህ ካልሆነ ሌላውን አታውቀውም።

ማደያው ላይ ቤንዚን ቀጂው አንገቱን ሻርፕ ውስጥ ቀብሮ መጣና፣ ዘንድሮም አልሞታችሁም እንዴ አላቸው። ጎሚስታው ብርድ የሚገድለው የቆመ ሰው ነው ብሎ መለሰለት። በብርጭቆ ሻይ ጠጡ። ብርጭቆውን ስትሰጠው እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ ባንድ አስያዘችው፣ ቤንዚን ቀጂው እንዳይጠረጥር ለብርዱ እንደሆነ ሁሉ እጁን እያሸች።

ከዚያ ቀጥ ያለው መንገድ መጣ።

ፀሐይዋ ከፊት ለፊታቸው ነበረች፣ ከዛፎቹ ዝቅ ብላ። አመዳዩ በሙሉ ያበራል። መንገዱ እስከ መጨረሻው ባዶ ነው፣ ደግማ ደጋግማ አየችው። መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ጀርባው ይሞቃል። ክንዷ ከትናንት ጀምሮ ያላረፈ ያህል ከብዷታል። እሱ ሄልሜቱ ውስጥ ማጉረምረም ጀምሯል። እስከዚያች ዛፍ ብቻ አለች በሆዷ፣ ከዚያች ዛፍ በኋላ ቀና እላለሁ። ጉንጯን አስደገፈችና ዓይኗን ጨፈነች።

አልተኛችም። ይህን በኋላ ለልጇ ደጋግማ ነግራታለች፣ ማንም የጠየቃት ሳይኖር። አልተኛሁም ነው የምትለው፣ ጉርምርምታውን እየሰማሁ ነበር።

የሰማችው የቆርቆሮ ድምፅ ነው። ከዚያ ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ቀጥሎ በጎኗ ነበረች፣ አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተች። እግሯ ላይ የተሰፋው ጎማ ሲፋቅ ሸተታት። መንሸራተቷ ሲቆም ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ፈጥነው አይሄዱም ነበርና የተሰበረ ነገር አልነበራትም። ተነሣች። ባሏ ከሞተሩ ወዲያ በአራት እግሩ ሆኖ መሬቱን ይዳስሳል።

«አለሽ?» ይላል። «አለሽ?»

«አለሁ» አለችው።

መንገዱ መሐል አንድ የወተት ጣሳ በጎኑ ተኝቷል። ወተቱ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ ይጨሳል፣ አሁን የታለበ ነው። በግራ በኩል፣ ከማሳው የምትመጣ ጠባብ መንገድ አስፋልቱን የምትገናኝበት ላይ፣ አንዲት ሴት መሬት ተቀምጣለች። ስልሳ ዓመት ይሆናታል፣ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለብሳለች። መዳፏ ተልጧል። ዳሌዋን ይዛ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ሞተሩ የነካው ጣሳውን ነው፣ እሷን የጣላት ጣሳው ነው። አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ራመድ ብላ ቢሆን ኖሮ ግን የሚመታው ጣሳው ባልሆነ።

ተሳፋሪዋ ሮጣ አጠገቧ ተንበረከከች። ጎሚስታውም ሄልሜቱን አውልቆ፣ እየተንገዳገደ መጣ። ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። ከልቡ ነው የጠየቀው። እህቴ፣ አላየሁሽም፣ ፀሐይዋ ነጭ ሆነችብኝ፣ እግዜር ነው ያተረፈሽ፣ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው። የሚያናግረው ግን ከሴትየዋ በአምስት እርምጃ ርቆ የቆመውን የኪሎ ሜትር ድንጋይ ነው።

ወተት ሻጯ መወዛወዟን አቆመች። እሱን አየች፣ ድንጋዩን አየች። ከዚያ ወደ ተሳፋሪዋ ዞረች።

«ይሄ ሰው አያይም» አለች።

ጥያቄ አልነበረም። ጎሚስታው ድምፁ ከየት እንደመጣ ሲያውቅ ፊቱን ወደዚያ አዞረ፣ ግን ዘግይቷል። በአራት ዓመት ውስጥ ያን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው፣ ስሟን የማያውቁት፣ ወተቷን ያፈሰሱባት ሴት ሆነች።

«ታውቂ ነበር?» አለቻት ለሚስቱ።

«አውቃለሁ።»

ሴትየዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። በዚህ መንገድ ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጇ አብራት እንደምትሄድ፣ በመንገዱ በኩል ባለው ጎን የምትሄደው ልጅቱ እንደሆነች፣ ዛሬ ሆዴን አመመኝ ብላ ከአልጋ አልነሣ እንዳለቻትና ራሷም ተቆጥታት እንደወጣች ነገረቻቸው። በዝግታ ነው የነገረቻቸው፣ ለራሷም ገና እየገባት እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ አንሡኝ አለች።

ቤቷ ቅርብ ነበር። ተሳፋሪዋ ሴትየዋን ደግፋ ከፊት፣ ጎሚስታው ሞተሩን እየገፋ፣ የእግራቸውን ድምፅ ተከትሎ ከኋላ ሄዱ። የፊት መብራቱ ተሰብሯል፣ መሪው ትንሽ ጠሟል፣ ሌላው ደህና ነው። ሞተሩ ሊነዳ ይችላል። ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ። ግቢ ደርሰው ወተት ሻጯ ወደ ውስጥ ስትገባ፣ ባልና ሚስቱ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ላሞቹ ከውስጥ ይተነፍሳሉ። እሱ የሞተሩን መሪ በእጁ እየዳሰሰ ምን ያህል እንደጠመመ ይለካ ነበር።

«ጉንጭሽ ሲያርፍ ተሰምቶኝ ነበር» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት የበረቱን ምሰሶ ያዘች።

«ታዲያ ለምን አላቆምክም?»

«ካሳረፍሽው አራት ዓመት ሆነ» አለ። «ደክሟታል አልኩ። ደስ ብሏታል አልኩ። መንገዱ እንደሆነ ሁልጊዜ ባዶ ነው።»

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። በምን አፏ? ዓይኗን ጨፍና የነበረችው እሷ ናት።

ወተት ሻጯ እጇን በጨርቅ አስራ ወጣች። አጥንቷ ደህና እንደሆነ፣ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ እንዳልሆነ፣ አውቶቡስ በሰዓቱ ስለሚያልፍ ከአሁኑ ወደ አስፋልቱ ቢሄዱ እንደሚሻላቸው ነገረቻቸው። ጎሚስታው ሞተሩን በረቱ ጥላ ሥር አስደግፎ ቁልፉን ነቀለ። ተሳፋሪዋ ለመቀበል እጇን ዘረጋች። እሱ ግን አላየም፣ ወይም አይቶ አለፈው። በድምፅዋ አቅጣጫ ወደ ሴትየዋ ሄዶ ቁልፉን አቀረበላት።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ እህቴ።»

«ለምን እኔ ጋ? ለሚስትህ ስጣት እንጂ።»

«ለሷ ከሰጠኋት እለምናታለሁ» አለ። «ከለመንኳት ትሰጠኛለች።»

ወተት ሻጯ ተሳፋሪዋን አየቻት። ተሳፋሪዋ አልሰጠውም አላለችም። ሴትየዋ ቁልፉን ተቀብላ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው፣ ላሞቿን ልታይ ገባች።

አውቶቡሱ ይሞቅ ነበር። ሰው ሞልቶታል፣ መስኮቱ በትንፋሽ ተሸፍኗል፣ ልክ እንደ ላውንደሪው። ከደረታቸው ላይ ያለው ጋዜጣ ሲቀመጡ ተንኮሻኮሸና አንዲት ልጅ ዞራ አየቻቸው። ጎሚስታው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ተሳፋሪዋ መስታወቱን በጓንቷ ጠርጋ ወደ ውጭ ተመለከተች። ዛፎቹ፣ ነጩ ማሳ፣ ፈረሶቹ ሁሉ ነበሩ። ነገር ግን ያለ ብርዱ ምንም አልነበሩም። ሌላ ሰው ያነሣው ፎቶግራፍ ይመስሉ ነበር። መስታወቱ እንደገና ሲሸፈን አልጠረገችውም።

የሆነውንና ሞተሩን መተዋቸውን ለልጃቸው ነገሯት። እሷም ልክ ናችሁ አለች፣ አልገሠጸቻቸውም፣ አባቷን ግንባሩን ሳመችው። ከባልደረቦቿ አንዱ ሄዶ ሞተሩን አምጥቶ ለሚፈልግ ሰው ቢሰጥላቸውስ ብላ አነሣች። ጎሚስታው እንደወደዳችሁ አለ። ስለ ሞተሩ እንደወደዳችሁ ሲል ሰምታው የማታውቀው ሚስቱ ተነሥታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።

በሳምንቱ እሑድ ተሳፋሪዋ እንደ ወትሮዋ ሰዓት ነቃች። ከአጠገቧ እሱም ነቅቷል፣ ፊቱን ወደ ጣሪያው አድርጎ ተኝቷል።

«ውጭ እንዴት ነው?» አላት።

ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ንፋስ የለም። የግቢው ቆርቆሮ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የጎረቤት አጥር ሳይቀር አመዳይ ለብሷል። እንዲህ ያለ ጠዋት በዓመት ሦስት ጊዜ ቢገኝ ነው።

«ደመና ነው» አለችው። «ዝናብ ሳይጥል አይቀርም።»

«እንግዲያው ደግ ሆነ» አለ። ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

ተመልሳ አጠገቡ ገባች። አምኗት ይሁን አይሁን ከድምፁ አላወቀችም፣ ደግማም አልጠየቀችውም። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ የሱቁን መዝጊያ ሲከፍት ሰማች። የብርዱ ወራት ገና መጀመሩ ነበር።